ጠባቂው

ከአሌንቴዡ ሜዳ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ወጣሁ፤
የድንጋይ ኮከብ ነው፣ ጫፉን ዞሬ ቆጠርሁ።
መድፉ አፉን ከፍቶ፣ ስፔን ላይ አፍጥጧል፤
ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ፣ ድንቢጥ ጎጆ ሠርቷል።

«ደረጃው ስድስት መቶ፣ አርባ ነው» አለና፣
ዤርቫዚዩ ትኬቴን፣ ቀደደው በጥሞና።
«በምን አወቅህ?» አልሁት።
«በጀርባዬ።»

በሃያ ዓመቱ፣ በዘብነቱ ሌት፣
ሸለብ አደረገው፤ እዚሁ አሰሩት።
በርሜል ተሸክሞ፣ ከምንጩ እስከ አናቱ፣
ሁለት በጋ ሙሉ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፤
ውኃው ለመኮንን፣ ለእሱ ግን ጥማቱ።

ክፍሉን ከፈተልኝ፤ ግድግዳው በሙሉ፣
በምስማር ተጭሯል፣ ቀን በቆጠሩ ሁሉ።
«ያንተስ የቱ ጋ ነው?»
«የለኝም። ደረጃ
ስቆጥር ቀን ጠፋብኝ።»

«ታዲያ ምን መለሰህ?» ስለው ወደ ማታ፣
ቁልፉን ከወገቡ፣ ፈታ በእርጋታ፤
«ይህ በር ሲዘጋ ሁሌ፣ በውስጥ ነበርኩኝ፤
ከውጭ ሲዘጋ ልየው፣ ብዬ ነው» አለኝ።

ቆለፈው። ገፋው። ደግሞ፣ መልሶ ሞከረው፤
ከግንቡ ጥላ ሥር፣ ወንበሩን አስጠጋው፤
ጠባቂ ነውና፣
ቁልፉን እንደያዘ፣ እንቅልፍ ወሰደው።