ቦታ መልቀቅ

ጥር ነው፤ ሮሮስ ላይ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት፣
ስልኬ ጮኸ ጎህ ሳይቀድ፣ ገና በሌሊት።
ኦድቫር ነው፣ ጡረተኛው፣ የመዳብ ጉድጓዱ ዘበኛ፤
«ገንዳዬ ፈላብኝ» አለ፣ ድምፁ የበሽተኛ።
ሳቄን ዋጥኩት። አገር ምድሩ ደርቆ እንደ ድንጋይ፣
አንድ ሰው ብቻ «ሞቀኝ» ሲል አያስቅም ወይ?

የመሣሪያ ሣጥኔን ይዤ፣ በረዶው ላይ ተንሸራትቼ፣
በጓሮ በር ገባሁ፣ ጓንቴን በጥርሴ ስቤ አውጥቼ።
ገንዳው ከጥዱ ሥር ቆሟል፣ ክዳኑ በእንፋሎት አብጦ፤
ቅርንጫፉ ወዝቷል፣ የበረዶ ካባው ቀልጦ።
ከመቆጣጠሪያው ላይ ሁለት ፊደል ብልጭ ድርግም ይላል፤
«ኦ»ና «ኤች»፤ መመሪያው «ከልክ በላይ ሞቋል» ብሎ ይፈታዋል።
እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነበው፣
«ኦህ» ነው የሚለኝ፣ ልክ እንደ ደከመው ሰው።

ቁጥሩ መጣ ቀጥሎ፦ ዐሥራ ስምንት ዲግሪ።
ውሃው ላይ ግን አለች ሌላ መስካሪ፤
ሆዷ ቴርሞሜትር፣ ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ፤
አርባ አራት ትላለች። ጣቴን ብነክር፣ እዬዬ!

ከቀላሉ ጀመርኩ፤ ቀላሉን የናቀ ከባዱን ይሸከማል።
ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ሽበትና የጥድ ቅጠል ታጭቆበት ከርሟል።
አጠብኩት፣ መለስኩት፤ ውሃው በደንብ ሄደ፤
ዳክዬዋን ጠበቅኩ፤ ከአርባ አራት ንቅንቅ፣ አልወረደ።
ፓምፑን ጆሮ ሰጠሁት፤ ያንኮራፋል እንጂ አላቃሰተም፤
ሰዓቱን አየሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያለ እረፍት አልሮጠም።
ሪሌዩን ፈተሽኩ፣ ተጣብቆ፣ ጫፉ ከስሎ እንደሁ ብዬ፤
ሎሌ ነው፤ ሲሉት ይዘጋል፣ ሲሉት ይከፍታል፤ ተውኩት አዝኜ።
ማሞቂያውም ያው ሎሌ ነው፤ «ቀዝቅዟል» ሲሉት ያቃጥላል።
እንግዲህ «ቀዝቅዟል» ባዩ ማን ነው? ሐሜተኛው የት ይኖራል?

ኦድቫር ከጀርባዬ ቆሞ ባትሪ ያበራል፤
ሳልጠይቀው፣ እንደ ላላ ቧንቧ፣ ነገሩ ጠብ ጠብ ይላል፦
«ከኅዳር ወዲህ አዳሬ ከጋራዡ ሆነ፤
ሱኒቫ ቀዝቅዛለች፤ ቤቱ በበረዶ ተከደነ።»
አልመለስኩለትም። የሙያዬ ሕግ አይፈቅድም፤
ገንዳ ጠጋኝ የሰው ትዳር አይፈታም፣ አያስርም።

የጎኑን መዝጊያ ብሎን በብሎን ፈታሁ፣ ጣቴ እየደነዘዘ፤
ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ሁለት ዐይን አየኝ፣ የፈዘዘ።
አይጥ ናት። የሽፋኑን ጥጥ ቦጫጭቃ፣ ጎጆ ሠርታ፣
ስድስት ራቁት ልጅ ይዛለች፣ ደረቷ ሥር አስተኝታ።
ከጎኗ ቀጭን ሽቦ፣ ጫፏ የክብሪት ራስ ታህላለች፤
ሴንሰሯ! ከውሃው ኪስ ተመዝዛ፣ ነፋስ በሚገባበት ቀዳዳ ተንጠልጥላለች።

እሷ ናት ሐሜተኛይቱ። ግን አልዋሸችም፤
የቆመችበትን ተናገረች፣ ሌላ አላየችም።
ብርድ ዳር ቆማ «ብርድ ነው» አለች፤ ሎሌው ሁሉ አመናት፤
ውሃው ሲፈላ ያደረው በእውነተኛ ምስክርነት።

አሳየሁት። ባትሪው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ፤
«ታዲያ ውሃው... ማለትሽ...» ብሎ ነገሩን ቆረጠ።
ወደ ጋራዡ አየ። ወደ መስኮቱም። ሱኒቫ እዚያ ቆማ፣
መስታወቱን በእጅጌዋ ትጠርጋለች፣ ድምፅ ሳታሰማ።

ሴንሰሯን ወደ ኪሷ መለስኩ፣ በሙጫ አሸግኩ አፉን፤
ቁጥሩ ዘለለ፦ አርባ አራት። ማሞቂያው ተወ ሥራውን።
«ክዳኑን ክፈተው፣ እስኪበርድ ማንም አይግባበት፤
ማጣሪያውን በየወሩ እጠብ፤ ቸል አትበልበት።»
«አይጧስ?» አለኝ። «ልጆቿ ዐይን እስኪገልጡ ሁለት ሳምንት ቆይ፤
ቀዳዳውን ያኔ በወንፊት ትደፍናለህ። አሁን ጥር አይደል ወይ?»

ደረሰኙ ላይ «ጉድለት» ከሚለው ፊት ለፊት «ቦታ መልቀቅ» ብዬ ጻፍኩለት፤
መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ አውልቆ ደግሞ አነበበው፤ እኔ ቸኮልኩበት።

የመኪናዬን በረዶ ስፍቅ፣ በጎን መስታወቱ አየሁት፤
የገዛ ቤቱን በር ያንኳኳል፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ እንደ እንግዳ ሰው፣ በትሕትና፣ በፍርሃት።
ይከፈት አይከፈት አልጠበቅኩም። ስልኬ ደግሞ ጮኋል፤
ቶልጋ ላይ የአንዱ ገንዳ፣ ምንም ቢያደርጉት፣ አልሞቅ ብሏል።