መጨረሻው እንዴት ነው?

መጽሐፉ ሲደርሰኝ ሽፋን የሚባል የለውም፤
ማን ጻፈው፣ ማን መለሰው፣ የሚጠይቅም የለም።
ብቻ ያስራ አንደኛ «ለ» ሴቶች ወረፋ ይዘውለት፣
አንዷ ሽሮ አፍስሳበት፣ አንዷ እንባ አንጠብጥባበት፣
እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ።

ታሪኩ ባሕር ማዶ ነው፤ በረዶ ያዘለ ተራራ፣
አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፣ መስኮቱ ሌሊት የሚያበራ።
ኢሎና የምትባል ልጅ፣ ፀጉሯ እንደ ገብስ ነዶ፣
ማርቲን የሚሉትን ወዳለች፤ እሱም ሳይናገር ወዶ።
ደግሞ ደወል አለ፤ ሲደወል መብራት ይጠፋል፣
የተቆጣጣሪዋ ኮቴ ከሩቅ ይሰማል።

እኛም አዳሪ ነበርን፤ የደብረ ብርሃን አዳሪ፣
በእትዬ ዘነቡ ጓሮ
አራት ሴት ለሁለት ፍራሽ፣ ተጋፊና ተጋሪ።
እሑድ እሑድ ከመንዝ ስንቅ በጆንያ ይመጣል፤
በሶ፣ ድርቆሽ፣ የባቄላ ቆሎ። ሐሙስ ላይ ያልቃል።
ደወል እንኳ ባይኖረን፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው
ሌሊት በጥሩምባ ይጮኻል፤ ፈረቃ ሲቀየር ነው።
ላገር ብርድ ልብስ ይሠራል፤ እኛ በጋቢ እንተኛለን፣
በረዶ ምን እንደሚመስል በኅዳር ውርጭ እንገምታለን።

እንግዳወርቅ የከሰዓት ነው፣ እኔ የጠዋት ፈረቃ፤
በሩ ላይ፣ ስድስት ሰዓት፣ ያንዳችን ትምህርት ሲያበቃ
መጽሐፉን እንቀባበላለን፣ እንደ ዱላ፣ እጅ በእጅ፤
«ስንት ገጽ ደረስሽ?» ይለኛል። ይኸው ነው ወሬው የዚያ ልጅ።
የሰላ ድንጋይ ልጅ ነው፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ፤
በእርሳስ፣ ከገጹ ጠርዝ፣ ቀጭን አድርጎ፣ በችኰላ፣
«እዚህ ላይ ማርቲን ሞኝ ነው» ብሎ ይጽፍልኛል፤
እኔም ከሥሩ «ወንድ ሁሉ!» እላለሁ፤ ማታ ያነብበዋል።

አንዴ፣ ኢሎና ስትታመም፣ ምንም አልጻፈም።
የአውራ ጣቱ ዐሻራ ብቻ። ከሰል ነክቶ ነበር መሰለኝ።
ጣቴን አስቀምጬበት አየሁ። ሁለት ጣቴን ዋጠ።

መጨረሻውን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፣ ቀድሜ፤
በሰኔ ሌሊት፣ በባትሪ፣ ከጋቢ ሥር ተጋድሜ።
ማርቲን አልመጣም። ባቡሩ ጮኸ፤ ኢሎና በመስኮት
ሦስቴ ዞራ አየች። ባዶ ጣቢያ፣ በረዶ የወረደበት።
አለቀ።

ጠዋት ስነሣ የሽመቤት ምድጃው ሥር ተንበርክካ፣
እርጥብ የባሕር ዛፍ ጭራሮ፣ ጭሱ ዓይኗን እየነካ፣
የመጨረሻዎቹን ገጾች ገንጥላ፣ «ምን ላድርግ፣ ባንቺ ሞት፣
ሻዩ እምቢ አለኝ» ትላለች።
ባቡሩም፣ ጣቢያውም፣ በረዶውም፣ ሄዱ ለሻይ እሳት።

ስድስት ሰዓት። በሩ ላይ። እንግዳወርቅ ገለጠው፣
ጫፉ ላይ ደረሰ፤ የተገነጠለውን በጣቱ ዳሰሰው።
«መጨረሻው እንዴት ነው?» አለኝ፣ መልሱን እንደሚፈራ ሰው።
እውነቱን ልነግረው ነበር።
አፌ ግን፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «መጣ» አለው።
«ሮጦ መጣ። ባቡሩ ሊሄድ አንዲት ደቂቃ ሲቀረው።
ምንም አልተናገረም፤ እጇን ብቻ ያዘው።»
«እንዲያ ነው?» አለ። ጆሮው ቀላ። መጽሐፉን በብብቱ ሸጎጠው።

ትምህርት ተዘጋ። ክረምት ገባ። በሬሳ ደፈረሰ፣ ሞላ፤
እኔ መናኸሪያ፣ ጆንያዬን ታቅፌ፣ ያውቶቡሱ ኋላ
ወንበር ላይ፣ በመስኮት በኩል። ረዳቱ «ሞላሌ፣ አንድ ሰው!»
ሞተሩ ተነሣ። የመጽሐፉን መጨረሻ የማውቀው
እኔ ብቻ ነኝ።
አልዞርም አልኩ። ዞርኩ። አንዴ።
ሁለቴ።

ሦስተኛው ላይ፣ በጭቃው መሃል፣ ከሊስትሮዎቹ ጀርባ፣
አንድ እግሩ ጫማ የለው፣ ጭቃው ውጦበት፣ ሲገባ፤
ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ፣ መስኮቱን በመዳፉ ይዞ፣
ምንም አልተናገረም። ልክ እንደነገርኩት። ፈዞ።
እጄን ግን አልያዘም። ረሳው መሰለኝ። ወይ አፈረ።
መስታወቱ ላይ፣ ከውጭ፣ የጭቃ አውራ ጣት ቀረ።
ጣርማ በር ላይ ዝናብ አጠበው።

ዛሬም አንዳንዴ «ማርቲን ጎበዝ ነበረ» ይለኛል።
«ነበረ» እለዋለሁ። ሻዩ ይፈላል።