የምን በዓል ነው?

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤
ድሬ መስኮቷን ዘግታ የምታርፍበት፣
ደቻቱ ውኃውን ረስቶ አሸዋው የሚነድበት።
እኔ ብቻ ደጅ ቆሜአለሁ፤
ገብስማዋን በብብቴ፣
ቢላዋውን በሽቲዬ ጫፍ ጠቅልዬ
ወንድ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

የእኛ ቤት ወጉ እንዲህ ነው፤
ወንድ የሌላት ሴት በዋዜማው ደጅ ትወጣለች፣
አላፊ አግዳሚውን "ወንድሜ፣ ባርክልኝ" ትላለች።
ዛሬ ግን ዋዜማ አይደለም።

ሦስት ሳምንት ሆናት።
መጀመሪያ አመድ ላይ መንከባለል ተወች፤
ከዚያ ከኒሙ ሥር ቆማ
እንደ ሌሊት ዘበኛ ታንቀላፋ ጀመረች።
ሆዷ ውኃ እንደሞላ ላስቲክ ተነፋ፣
አናቷ ላይ የነበረው ቀይ
እንደ ከረመ በርበሬ ጠቆረ።
አብረዋት ሲጭሩ የኖሩት ቄቦች
ዓይኗን ሊወጉ ይዞሯት ጀመር።

መቶ አሥራ አራት እንቁላል ጥላልኛለች፤
በር ጀርባ በከሰል እየጫርኩ ቆጥሬዋለሁ።

ከእንስሳት ክሊኒክ የመጣው ናስር
ሆዷን ዳበሰና ዝም አለ።
"ይቺን ዱቄት በጥብጪላት" አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም።
መኪያ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣
"ሳትሞት ድረሺባት እንጂ!" አለችኝ።
መድኃኒት የጠጣ ሥጋ ለማን ይሆናል?
ደግሞ "ድረሺባት" እና "ድረሺላት"
የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤
ያቺን ፊደል ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጣኋት።

ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤
የፓፓያ ፍሬ ስበትንላት ከመጣች፣ ዛሬ አይደለም።
ሰኞ መጣች።
ማክሰኞ መጣች፤ ዘግይታ።
ረቡዕ እየተንገዳገደች መጣች፤
አንዷን ፍሬ አነሳች፣ ጣለች፣
አነሳች፣ ጣለች፣
ቀና ብላ አየችኝ።
ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይላሉ፤
እሷ ግን የምትለቅመው ለእኔ ስትል መሰለኝ።
(ወይ እኔ ነኝ፤ ሰው መወሰን ሲፈራ
የማይፈጥረው ምክንያት የለም።)
ሌሊቱን ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲያፏጭ አደረ፤
ያ ሕግ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ የወጣ ነበረ።

ባጃጅ መጣ፤ ቆመ።
ልጁ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።
"እማማ፣ የምን በዓል ነው ዛሬ?"
"በዓል አይደለም፤ ታማብኝ ነው።"
ሞተሩን አጠፋ።
ወርዶ በእጁ ጀርባ አንገቷን ነካ፣
የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ።
"ለመብላት ካልሆነ ምን ተብሎ ነው የሚታረደው?" አለኝ።
እሱ የሚያውቀውም እኔ የማውቀውም
ለገበታ የሚባለውን ነው።

ፊቷን ወደ ኒሙ አዞርኩት።
ክንፎቿን ራሴ ያዝኩ።
ቢላዋውን ከጠዋት ጀምሮ ስስለው ነበር፤
ከዚያ የተሻለ ደግነት አላገኘሁም።
ልጁ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም።
ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም ብሎ ሄደ።

ጉድጓዱን የቆፈርኩት ማክሰኞ ነው።
ማክሰኞ መጥታ ነበር።