የነፋስ ሒሳብ

ሐሙስ ነው፤ መብራት የለም። ጋሽ ዳንጊሶ ገቡ፣
ከአሞራ ገደል በቀጥታ፣ እጅ እንኳ ሳይታጠቡ።
"ቲኬት አልገዛም፣ ልጄ፤ ጥያቄ ነው ያለኝ፤
ከጆሃንስበርግ እስከ ፐርዝ ስንት ሰዓት ነው? ንገሪኝ።"

"ከሐዋሳ አይደለም?"
"አይደለም።
እኔ የትም አልሄድም።
ሻላሞ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፣ ዱካሞ ፐርዝ ታክሲ ይነዳል፤
ከተኳረፉ ስድስት ዓመት፤ ለፊቼ ሰባት ይሞላል።"

ስልኬን አወጣሁ፣ ባትሪው ሊሞት ቀይ እያበራ፤
ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ውኃ ብቻ፣ ያለ ተራራ።
"ከሻላሞ ወደ ዱካሞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤
ከዱካሞ ወደ ሻላሞ ግን ዐሥራ አንድ፣ በዚያው በኩል።"

"መንገዱ አንድ አይደል እንዴ?"
"ነፋሱ ነው፣ ጋሼ፤ አንዱን ከኋላው ይገፋል፣
አንዱን ፊት ለፊት ይጋፋል።"

በጣታቸው ጠረጴዛዬን ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ አደረጉ፤
"ታናሽ ነው ይቅርታ ጠያቂ" አሉ፣ "እንዲህ ነው ወጉ።
ዱካሞ ግን ከልጅነቱ ነፋስ አይወድም ነበር፤
ታንኳ ገፍተን ስንወጣ እሱ ብቻ ዳር ሲቀር።"

ዝም።

ከዚያ፦ "ዘጠኝ ተኩሉን ብቻ ጻፊልኝ፤ ዐሥራ አንዱን ተዪው፤
ለታላቁ ነው የምልከው።"

"ሒሳብ የለውም" ብላቸውም አንድ ቆሮሶ ትተው ወጡ።
ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሣ፤ ባጃጆች ሲጠሯቸው
ወረቀቷን ይዘው ተሻገሩ፣ በሁለት እጃቸው።