ጥርስ ማውጣት

ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎረቤት፣
ጋሽ ኢብሬ ይባላል፣ የአንዲት አሮጌ ቶርኖ ባለቤት።
በአፉ የቀሩት ጥርሶች ሦስት ናቸው ቢቆጠሩ፤
ለብረት ግን ጥርስ አውጪ እሱ ነው ላገር ለምድሩ።

እኔን ያስተማረኝ በጆሮ ነው፣ በደብተር አልነበር፤
«ሉባባ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ስሚው ቢላው ሲናገር።
ሲስቅ ደህና ነው፤ ሲጮህ ግን ከልኩ በላይ ጠግቧል፤
ዝም ካለሽ ፍሪው፣ ብረቱን ትቶ ራሱን መብላት ጀምሯል።»

ሲሞቅ ሰማያዊ ፍቅፋቂ እንደ ሹሩባ ይወርዳል፤
«እንዳትነኪው» ይለኝ ነበር፣ «ያማረ ነገር ያርዳል።»
ነካሁት።
አውራ ጣቴ ላይ ነጩ መስመር ዛሬም ይመሰክራል።

ሐሙስ ከሰዓት ከደጋን እትዬ ረውዳ መጣች በባጃጅ፣
የወፍጮዋን ዘንግ አቅፋ፣ እንደ ታመመ ልጅ።
ጥርሱ ተበልቶ ልሷል፤ ዳዶ አይዝም፣ ፑሌጃው ይዋልላል፤
«ማሽላው በየጆንያው ደጄ ላይ ተሰልፎ ይውላል፤
ዛሬውኑ አድርሱልኝ፣ ዋጋ አልከራከርም» አለች።
(ተከራከረች እንጂ፤ መቶ ብር አስቀነሰች።)

ዘንጉን በብየዳ ሞልተን፣ ሲበርድ አጠበቅነው በማንድሪኖ፤
ጋሽ ኢብሬ «ቢስሚላህ» አለ፤ ተነሣ ቶርኖ።
አንደኛው ጉዞ ጭረት ነው፣ ቢያዩት ፀጉር የሚመስል፤
ሁለተኛው ትልም ይሆናል፤ ሦስተኛው ዘይት ይጠጣል ሲቆስል።

አራተኛው ላይ መብራት ሄደ።

ቶርኖው ትንፋሹ እያጠረ፣ እያቃሰተ ዘገየ፤
ቢላው ብረቱን እንደ ነከሰ አፉን ሳያላቅቅ ቆየ።
እጄ ወደ ማርሹ ሲሮጥ፣ «ተይ! ካላቀቅሽው መንገዱን አታገኚውም፤
ጥርስ በጥርስ ላይ ይወጣል፤ ያ ደግሞ ለማንም አይሆንም።»

መብራት በኛ ሰፈር ሲሄድ መመለሻውን አይናገር፤
እትዬ ረውዳ «እና?» አለች፣ «ይሄ ነገር በእጅ አይዞር?
እናቴ መጅ ስትገፋ ሞተር ማን አይቶ ነበር?»

ጋሽ ኢብሬ ሳቀ፤ ሦስቱም ታዩ።

ቺንጋውን ፈታ፤ በማንድሪኖው ላይ እጃችንን አኖርን፤
እሷ ስትስብ እኔ ስገፋ፣ ጣት በጣት አዞርን።
እሱ በአንድ እጁ የስልኩን መብራት፣ በሌላው ዘይት ያንጠባጥባል፤
«ቀስ... አብሽሩ... ቀስ» እያለ ጆሮውን ለብረት ይሰጣል።
ያኔ ሰማሁት፣ ሞተሩ ዘመኑን ሁሉ የሸፈነውን፤
ሻካራ የድመት ምላስ፣ ብረት ብረትን ሲዳስስ የሚለውን።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዳዶውን አንሥቶ ገጠመ፤
ሁለት ዙር ሄደ፣ ሦስት... ቆመ።
ማንም አልተነፈሰም። በሊማ አንዲት ጫፍ ነካ፤
ዳዶው ወረደ እስከ ሥሩ፣ እየጠበቀ ልኩን ለካ።

«ጥርስ አወጣልሽ» አላት፣ «ከእንግዲህ ቆሎም ይቆረጥማል።»
ከፈለች። መቶዋን ግን አልረሳችም፣
ቆጥራ አስቀርታለች።

ባጃጁ ራቅ እንዳለ መብራት መጣ፤ ሞተሩ ብቻውን ጮኸ።
ማብሪያውን ለካ ማናችንም አላጠፋንም።
ጋሽ ኢብሬ መሬት ላይ የተጋደመውን ቺንጋ አየ፤
ከዚያ እጆቼን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠረ።
«አሥር» አለ።
ሄዶ አጠፋው።