የጎደለ መረጃ

ወደ ደሴቱ መጦሪያ መጣች ሲግሪ፣ ቅጿን በላስቲክ ጠቅልላ፣
አርባ ሁለት ጥያቄ፣ አንድ እርሳስ፣ የላትም ሌላ።
«ከዜሮ እስከ አሥር ቢባል፣ ሕመምዎ ስንት ይሆናል?»
ቶርላይፍ ዝም። ጣቱ ብቻ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይቋጥራል፣
ይፈታል፣ ደግሞ ይቋጥራል፤
ስድሳ ዓመት መረብ የጠገነ ጣት ጡረታ መቼ ያውቃል።

ቆየና፦ «መስኮቴ» አለ፣ «የሚያየው መኪና ማቆሚያ ነው።
ባሕሩ ከጀርባዬ ነው፤ እሰማዋለሁ፣ አላየው።»
ቅጹ ለጀርባ ሕመም ሣጥን ነበረው፤
ከጀርባ ለቀረ ባሕር ግን ምንም አልነበረው።

የሌሊት ተረኛዋን ጠራች። ለሁለት ሆነው አልጋውን አዞሩት፣
ጎማው እያቃሰተ፣ እሱ ሳያቃስት።
ያን ቀን ቁጥር አልጻፈችም፤
ኅዳጉ ላይ «አልጋው ዞረ»፣ ሌላ አልጨመረችም።

በሦስተኛው ጉዞዋ፣ አንሶላው ተወጥሮ፣
አልጋው ብቻውን ቆያት፣ ወደ ባሕሩ ዞሮ።

ትሮምሶ፣ ቢሮዋ ውስጥ፣ ከተሳታፊ አሥራ ሰባት ትይዩ
«የጎደለ» ይላል ኮምፒውተሩ።
አልዋሸም። ሰው ጎድሏል።
ያቺ የኅዳግ መስመር ግን በየትኛው ዓምድ ትግባ?
ከዜሮ እስከ አሥር ባለው፣
ባሕር ስንተኛው ላይ ነው?