ጠርዙ

የአስካለ ቀኝ እጅ ጀሶ ከታሰረ፣ ዘጠኝ ቀን ሆነና፣
ማጀቱ ለእኔ ወደቀ፤ እኔ ደግሞ ማጀት ስገባ፣ እንግዳ ነኝ ገና።
ደቻቱን ስትሻገር አሸዋው ከድቷት ነው፣ ሽንኩርት እንዳቀፈች፤
ሽንኩርቱ ተረፈ፤ ክንዷ ተሰበረ፤
አሁን በረንዳ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ አለቃዬ ሆነች።

ዛሬ ያማራት ቂጣ ነው፤ የበቆሎ ቂጣ፣ በሆዱ አይብ ያለው።
"ቀላል ነው" ትላለች። የተቀመጠ ሰው ነው፣ ሁሉን ቀላል የሚለው።

እኔኮ ሠላሳ ዓመት፣ በባቡሩ አትሊዬ፣ ቶርኖ ላይ የቆምኩ ነኝ፤
የሚሊሜትር አሥረኛ በአውራ ጣቴ ዳስሼ፣ ልኩን የማገኝ።
የበቆሎ ዱቄት ግን ካሊፐር አያውቅም፤
"ስንት ውሃ?" ስላት፣ "እስኪበቃው" አለችኝ፤ ይሄ መልስ አይባልም!

"መጀመሪያ ውሃው ይፍላ።" ፈላ።
"ጨው።" ጨመርኩ።
"አሁን ዱቄቱን በማንኪያ ጀምረህ፣ በእጅህ ትጨርሳለህ፤
ይፋጃል፤ ትችላለህ።
በቆሎ ስንዴ አይደል፤ ቢስቡት አይሳብም፤
የፈላ ውሃ ካልጠጣ፣ እንደ ቂመኛ ዘመድ፣
ሳይነግርህ ይሰነጠቃል እንጂ አብሮህ አይከርምም።"

ጣቶቼ ተላጡ፤ ሊጡ ግን ለሰለሰ፤
የሕፃን ተረከዝ መሰለ፤ እጄም ከብረት ወዲህ
ሌላ ነገር ዳሰሰ።

አይቡ ከቀፊራ ነው፤ ኢፍቱ ስትሰፍርልኝ በሳቅ ሞታ ነበር፤
"ሚስትህን ምን አረግሃት፣ አንተ የምትሸምተው?" ስትል ሰማ ሰፈር።
ፎርማጆው የሮዳ ነው፤ የጅቡቲ ዕቃ፣ ብርማ ወረቀት ለብሶ፣ ሦስት ማዕዘን ያለው፤
ፍተሻ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ከቀሚሷ ስር ሆኖ፣ ቀልጦ የረጋ ነው።
ለብድሯ ወለድ አመጣችው፤ ብድሩ ግን ገና ነው።

አይቡን ከፎርማጆው፣ ከቃሪያው ጋር አሸሁት።
"አትጠቅጥቀው!" አለች ከበረንዳ ሆና፣ ሳታየኝ፣ ሳልነግራት።

አሥራ አንድ ሰዓት ነው። መብራት ሄዷል፤ ቬንቲሌተሩ ቆሟል፤
ድሬ ራሷ ትጋገራለች፤ እሳት መጨመሬ ትርፍ ሥራ ይመስላል።
ከሰሉን አራገብኩ። መጥበሻው የራሴ ነው፤
ከአሮጌ ፉርጎ ወለል ብረት ቆርጬ፣ ጠርዙን አጥፌ የሠራሁት፤
በሠርጋችን ዓመት "ወርቅ ነው" ብዬ የሰጠኋት።

የመጀመሪያውን ጣድኩት። ገለበጥኩት። ተተረተረ፤
ፎርማጆው ፈሰሰ፣ ጨሰ፣ ብረቱ ላይ አረረ።
ሁለተኛውም ያው።
"ቆንጥጠው እንጂ!" ትላለች፤ "እንደ ቡሎን አታጥብቀው፤
ጠርዙን በሁለት ጣት፣ እንደምታባብለው።"
ሦስተኛው ዳነ። ክብ ነው ባልልም፣ ዝግ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤
በዚያ ሁሉ ዓመት ማዕድ፣ አንድ የፈነዳ ቂጣ ሳህኔ ላይ አልገጠመኝ።
"አስኩ" አልኳት፣ "ያንቺ አይፈነዳም ነበር?"
ጀሶው እስኪነቃነቅ ሳቀች።
"ከሦስቱ አንዱ ይፈነዳል እንጂ! የት ይሄዳል ብለህ ነው?
እዚያው እሳቱ አጠገብ፣ ቆሜ እበላዋለሁ።"
ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ሙሉውን ወሰድኩላት፤ በእንግዳ ሳህን፣ ሎሚ ቆርጬለት።
ማጀት ተመለስኩና፣ እንደ እሷ ቆሜ፣ ከፈነዳው ጫፍ፣
ብረት ላይ ያረረውን በቢላ ፈቅፍቄ ቀመስኩት።
ቡናማ ነው። ጨዋማ። ከጥርስ ስር የሚጮህ።
ሌላ ቆረስኩ።
ለካ ከቂጣው ሁሉ የሚጣፍጠው ይሄ ኖሯል!
እኔ ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ያህል፣ ከልቤ አዝኜላት!

"አስካለ!" ብዬ ጮህኩ፤ "አንቺ ሌባ!"
በረንዳው ዝም አለ። ከከዚራ በኩል ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ።
ቆይታ፣ አፏ ሞልቶ፣ "ደረስክበት?" አለች፤
"እንዳትጨርሰው። ለእኔም ጫፉን አምጣ።"